ነጻ የጨዋታ ኮድ፦ ድካሙና ትርፉ ሲመዘን

ላለፉት ወራት የምጫወታቸውን ሦስት ጨዋታዎች፣ ማለትም ጌንሺን ኢምፓክትን፣ ፍሪ ፋየርንና ሮብሎክስን፣ በአንድ ጠባብ ጉዳይ ብቻ ስከታተላቸው ቆይቻለሁ፤ ጉዳዩም ለተጫዋቾች በነጻ የሚበትኗቸው የማስተዋወቂያ ኮዶች እንዴት እንደሚገኙ፣ የት እንደሚገቡና ከገቡ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ነው። ኮዱ ራሱ የጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ድርድር ሲሆን፣ ተጫዋቹ በተዘጋጀለት ሳጥን ውስጥ ሲያስገባው የጨዋታ ገንዘብ፣ ልብስ ወይም ማጠናከሪያ ዕቃ ይሰጠዋል። ሽልማቱ ከኪስ ባያስወጣም ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ዋጋ እንደሚከፈልበት ማንኛውም አገልግሎት ልመዝነው ወድጃለሁ።

ከሦስቱ አሠራሩ ይበልጥ ሥርዓት የያዘው ጌንሺን ኢምፓክት ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 የወጣው ይህ ጨዋታ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፤ እትሙ ከመውጣቱ ቀደም ብሎም አዘጋጆቹ ይዘቱን በልዩ ሥርጭት ያስተዋውቃሉ። በሥርጭቱ መሐል ሦስት ኮዶች በየተራ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላሉ፤ እያንዳንዳቸውም 100 ፕራይሞጄም (የጨዋታው ውስጥ ገንዘብ) እና ጥቂት ተጨማሪ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ ፈጥኖ ያላስገባቸው ሰው ያጣቸዋል። ኮዱን ጨዋታው ውስጥ በቅንብሮች ስር ካለው የአካውንት ክፍል ወይም ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ማስገባት ይቻላል፤ ሆኖም አድቬንቸር ራንክ የሚባለው የተጫዋች ደረጃው 10 ያልደረሰ ጀማሪ በሁለቱም መንገድ አይፈቀድለትም። ድረ ገጹ ላይ የወደድኩት ነገር ሰርቨሩን ስመርጥ የገጸ ባሕርዬ ስም ወዲያው ከታች መታየቱ ነው፤ ማስገቢያውን ከመጫኔ በፊት ሽልማቱ ወደ ማን እንደሚሄድ በዓይኔ አረጋግጣለሁ። ከሥርጭቱ ውጭ ለዓመታት ሳይሞት የቆየ ኮድም አለ፤ ጌንሺንጊፍት የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ ላይ ተጽፎ ሲገባ 50 ፕራይሞጄም ይሰጣል።

እዚህ ላይ ግን ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። አዲስ ገጸ ባሕርይ ለማግኘት የሚጣለው አንድ ዕጣ፣ ተጫዋቾች ዊሽ የሚሉት፣ 160 ፕራይሞጄም ያስከፍላል፤ ስለዚህ የአንድ ሥርጭት ሦስት ኮዶች ተደምረው ሁለት ዕጣ እንኳ አይሞሉም። ባለ አምስት ኮከብ፣ ማለትም ከሁሉም ብርቅ የሆነው ገጸ ባሕርይ ዕድል ካልቀናው ሰው ዘንድ ቢዘገይ በ90ኛው ዕጣ ይመጣል፤ 90 ዕጣ ደግሞ 14,400 ፕራይሞጄም ነው። ይህን በሥርጭት ኮዶች ብቻ ልሙላ የሚል ተጫዋች 48 ሥርጭቶችን መከታተል፣ ማለትም አምስት ዓመት ተኩል ገደማ መጠበቅ አለበት። (ስሌቱን የሠራሁት ለሦስት ኮዶች ስል ከሌሊት እንቅልፌ በተነሣሁበት ማግስት ስለነበር ምሬት ሳይኖርበት አልቀረም።) ኮዶቹ በየዕለቱ ከሚሠሩ ተልእኮዎች ለሚገኘው ገቢ ትንሽ ማሟያ ናቸው፤ እንደዚያ ከታዩ ደግሞ ለሁለት ደቂቃ ሥራ መጥፎ ክፍያ አይደሉም።

ፍሪ ፋየር ኮዱን የሚቀበለው ለዚሁ በተዘጋጀ ራሱን የቻለ ድረ ገጽ ላይ ነው። ኮዶቹ 12 ወይም 16 ፊደልና ቁጥር ያላቸው ሲሆኑ፣ ፊደላቱ ሁሉም ትልልቅ ናቸው፤ ይህም ሐሰተኛውን ገና ሳያስገቡ ለመለየት ይረዳል፣ ዘጠኝ ፊደል ያለው የፍሪ ፋየር ኮድ ነው ተብሎ ከተላከላችሁ ጊዜ አታባክኑበት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በእንግዳ አካውንት ላይ ነው። ጨዋታውን አውርዶ ሳይመዘገብ በእንግድነት የሚጫወት ሰው ኮድ ማስገባት አይችልም፤ አስቀድሞ አካውንቱን ከፌስቡክ፣ ከጉግል ወይም ከመሰል አገልግሎት ጋር ማገናኘት አለበት። ኮዶቹ ደግሞ በክልል የተከፋፈሉ ናቸው፤ ለአንድ የዓለም ክፍል የወጣ ኮድ በሌላው አይሠራም። በየቦታው የሚለጠፉት ረጃጅም ዝርዝሮች ይህን ልዩነት ሳይጠቅሱ ሁሉንም በአንድ ላይ ስለሚደረድሩ፣ አንባቢው ሃያ ኮድ ሞክሮ ሃያውም ሲከሽፉበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ስለ ዝርዝሮች ከተነሣ የራሴንም ገጠመኝ ላንሣ። ስሙን ከማልጠቅሰው የኮድ ሰብሳቢ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ለማልጠቅሰው ሌላ ጨዋታ ኮድ ገልብጬ ለጥፌ ሳስገባ፣ ሳጥኑ ደጋግሞ ኮዱ ትክክል አይደለም የሚል አንድ መስመር ብቻ ይመልስልኝ ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ ጠቋሚውን ወደ መጨረሻው ፊደል ስወስደው ከኮዱ በስተቀኝ አንድ ባዶ ቦታ አብሮ ተገልብጦ አገኘሁት። እሱን ሳጠፋም አልሠራ አለ፤ የድረ ገጹ ጸሐፊ ዜሮን በእንግሊዝኛው ኦ ተክቶት ነበርና። ሁለቱን አርሜ ሳስገባ በመጨረሻ ትክክለኛው መልስ መጣ፦ ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። ጥሩ ማስገቢያ የምለው ኮዱ ለምን እንዳልተቀበለ፣ ማለትም ተሳስቶ ነው፣ ጊዜው አልፎ ነው ወይስ ቀድሞ ተወስዶ ነው የሚለውን ለይቶ የሚናገረውን ነው፤ ሦስቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጠቀልል ግን ተጫዋቹን በከንቱ ያደክማል።

ሮብሎክስን ከሁለቱ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ያስቸግራል፤ በውስጡ በተለያዩ ሰዎች የተሠሩ እጅግ ብዙ ጨዋታዎች አሉትና። ኮዱን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ የየጨዋታው ሠሪ ነው፤ ማስገቢያውም እዚያው ጨዋታ ውስጥ፣ አንዳንዴ በግልጽ ቁልፍ፣ አንዳንዴ ደግሞ ፈልገው ካላገኙት በማይታይ ምልክት ተደብቆ ይቀመጣል። ከነዚህ ጨዋታዎች አንዱ የሆነውን ብሎክስ ፍሩትስን ብንወስድ ከኮዶቹ ብዙዎቹ የልምድ ነጥብን ለ20 ደቂቃ ያህል በእጥፍ ያሳድጋሉ። ይህ ዓይነቱ ሽልማት ኮዱ እንደገባ መቆጠር ስለሚጀምር፣ ረዘም ላለ ጨዋታ ከመቀመጥ በፊት ካልሆነ በቀር ማስገባቱ ብክነት ነው። ከኩባንያው ራሱ የሚወጡት የማስተዋወቂያ ኮዶች ደግሞ ለገጸ ባሕርይ የሚለበስ ወይም የሚያዝ ዕቃ የሚሰጡ ናቸው።

ሮቡክስ የሚባለውን የሮብሎክስ ገንዘብ በነጻ እናመነጫለን የሚሉት ገጾች ሁሉ ግን ማጭበርበሪያ ናቸው፤ ኩባንያውም እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ በግልጽ አስታውቋል። አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው፦ የተጠቃሚ ስም ይጠይቃሉ፣ ቁጥሩ ሲቆጠር የሚያሳይ ሥዕል ያጫውታሉ፣ ከዚያም ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ ብለው መተግበሪያ እንዲያወርዱ ወይም መጠይቅ እንዲሞሉ ይልኩዎታል፤ አጭበርባሪዎቹ ገንዘብ የሚያገኙት ከዚያ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በብራውዘር ውስጥ አንድ የጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ለጥፉ የሚለው ነው፤ ጽሑፉ የመግቢያ ኩኪውን፣ ማለትም ብራውዘሩ አካውንቱ ውስጥ መግባትዎን የሚያስታውስበትን መረጃ፣ ለአጭበርባሪው ስለሚያቀብል የይለፍ ቃል ሳይሰጡ አካውንት ሊወሰድ ይችላል። እውነተኛ ኮድ ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ይሠራል ወይም አይሠራም።

የአይፎን ተጠቃሚዎች ሳጥኑን ጨዋታው ውስጥ ቢያጡት አይደናገጡ። የአፕል የመተግበሪያ መደብር ደንብ መተግበሪያዎች በራሳቸው ዘዴ ይዘት እንዳይከፍቱ ስለሚከለክል፣ አንዳንድ ጨዋታዎች ማስገቢያውን ለአንድሮይድ ብቻ ትተው የአይፎን ተጫዋቾችን ወደ ድረ ገጽ ይልካሉ።

ከሦስቱ ለድካሙ የሚበጀው የጌንሺን ኢምፓክት ነው፤ ፍሪ ፋየር የክልሉን ኮድ ከኦፊሴላዊ ገጹ ለሚከታተል ሰው ብቻ ይሠራል፤ ሮብሎክስ ግን እንደየጨዋታው ሠሪ ትጋት ይለያያል። የኮድ ሰብሳቢ ገጾችን ከነአካቴው ትቻቸዋለሁ፤ አሁን የምከተለው የአዘጋጆቹን ገጾች ብቻ ሲሆን፣ ለሥርጭት ቀን ስልኬ ላይ ደወል እሞላለሁ። ከሌሊት እንቅልፌ ግን አልነሣም፤ ኮዶቹ ጠዋትም በሕይወት አሉ፣ ቁርሴን ሳልጨርስም ሽልማቱ በጨዋታው የመልእክት ሳጥን ውስጥ ደርሶ ይጠብቀኛል።