የጥልፍ ጃኬቴ አስር ወር ሞላው፣ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ

ባለፈው ታኅሣሥ ፎቶውን ስለጥፍ "7,500 ብር ለጃኬት አብደሻል" ያላችሁኝ ሁሉ፣ እኔም ስከፍል ራሴን አዙሮኝ ነበር። እስኪ ለብሰሽ ንገሪን ብላችሁ ነበር፣ ይኸው ለበስኩት፣ ቀለም ለቀቀ፣ ተጠገነ፣ አሁንም እላዬ ላይ ነው።

ላላያችሁት፣ ጨርቁ እንደ ጋቢ ወፈር ያለ የሸማኔ ስራ ነው፣ ጥጡ የመተማ ነው ብሎኛል ዲዛይነሩ። አሰፋፉ ግን የዘመኑ ነው፣ አጠር ብሎ ከጂንስ ጋር የሚሄድ። የእጅ ጥልፉ ከአንገት ወደ ደረት ይወርዳል፣ እጅጌው ጫፍ ላይም አለ። መነሻው ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለው ቀሚስ ነው። ፎቶውን ስልኩ ላይ አሳየኝ። የራሳችንን ቀሚስ በስልክ እያየን እንኮርጃለን እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።

መጀመሪያ የለበስኩት የከተራ ለት ነው። የጎንደርን የጥር ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ስናድር ሁለት ሹራብ የደረቡ ጓደኞቼ ሲንቀጠቀጡ እኔ ምንም አልመሰለኝም፣ እሰይ ገንዘቤ አልኩ። በማግስቱ ጠበሉ ሲረጭ ጉዱ ወጣ። ቀዩ ክር ለቆ ቤት ስደርስ ደረቴ ቀይ ስር የተደፋበት መስሏል።

ዲዛይነሩ ጋ ስደውል ጨው ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ ንከሪው አለኝ፣ ነከርኩት፣ ወይ ፍንክች። እሺ የጠለፈው ሰው ማነው ስለው ይንተባተብ ጀመር። ታጉ ላይ "ከአገር በቀል የጥልፍ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር" ይላል፣ የሱ ስም በትልቁ አለ፣ የነሱ የለም። ጠይቄ ጠይቄ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አገኘኋቸው፣ ባለሙያዎቹ የተባሉት አንዲት እናትና ልጃቸው ናቸው።

እትዬ ጃኬቱን ሲቀበሉኝ ፊቱን እንኳን አላዩትም፣ ቀጥታ ገልብጠው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱት። የጥልፉ ጀርባ ንፁህ ነው፣ ተንጠልጥሎ የቀረ ክር የለም፣ ቋጠሮው ራሱ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ከዛ "ልጄ ክሩን እኔ አልመረጥኩትም እኮ፣ ይሄ ቀይ ይለቃል ብዬው ነበር፣ ግዴለም ቀለሙ ያምራል አለኝ" አሉኝ። እንዴት አወቁ ብላቸው ከቅርጫታቸው አንድ ክር መዘዙና ጫፉን በምራቃቸው አርሰው የነጠላቸው ጫፍ ላይ አሹት፣ ሮዝ መስመር አወጣ። "አየሽ" ብለው ሳቁ። ለዚህ እኮ ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ የሚሰማ ሰው ነው የጠፋው።

ቀዩን በሙሉ ፈተው ዲኤምሲ በሚባለው የፈረንሳይ የጥልፍ ክር ደግመው ጠለፉት፣ ሶስት ሳምንት ፈጀ። ቀዩ የነካውን ነጩን ጨርቅ ደግሞ አያቴ በሰጡኝ እንዶድ በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብኩ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ በአራተኛው እጥበት ነው የለቀቀው፣ ግራ ኪሱ ስር አሁንም ትንሽ ሮዝ አለ። በነገራችን ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው፣ ዓሣንም ይገድላል፣ ስለዚህ እጣቢውን ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ አትድፉት።

ሌላው ሌላው፣ እጅጌው በመጀመሪያ እጥበት ሁለት ጣት ያህል ገብቷል፣ ስትገዙ ሰፋ አድርጋችሁ ግዙ። ገበሩ ፖሊስተር ነው፣ ግንቦት ላይ ብብቱ ጋ ተቀደደ። ዚፑ ሐምሌ ላይ ጥርሱ ወልቆ አበቃለት፣ የቀንድ ቁልፎቹ ግን ንቅንቅ የለም። ክረምት ላይ ዝናብ ከመታው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ ባጃጅ የምትጠብቁ ሰዎች ጃንጥላ ያዙ።

ያንገበገበኝ ግን ዚፑ አይደለም። እትዬን ስንት ተከፈልዎት ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ለአስራ አንድ ቀን ጥልፍ 1,200 ብር። ዲዛይነሩም ኪራይ አለበት፣ ሸማኔ ይከፍላል፣ ሰፊ ይከፍላል፣ እሱን አልክድም፣ እትዬም ራሳቸው ከሱ በፊት በወር አንድ ቀሚስ ባገኝ ነው ብለውኛል። ሀሳቡም አዲስ አይደለም፣ ሞዴሏ ሊያ ከበደ ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅቷን በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ሸማኔዎች ስራ እንዳያጡ ብላ ነው። ግን ዘላቂ ፋሽን ምናምን እያሉ ክር የሚያውቀውን ሰው ስለ ክር አለመጠየቅ ምን የሚሉት ትብብር ነው?

ትገዢዋለሽ ወይ ላላችሁኝ፣ ለእህቴ አዝዣለሁ። ዲዛይነሩን ክሩን እትዬ ይምረጡት አልኩት፣ እሺ ብሎ 300 ብር ጨመረብኝ፣ ከፈልኩ። ዚፕ እንዳታደርግበት፣ እስከ ታች ቁልፍ ይሁን ብዬዋለሁ።