ኦርካሳውንድ፦ የኦርካን አደን በጆሮ ለመከታተል

ኦርካ፣ የዶልፊን ወገን የሆነው ትልቅ የባሕር አዳኝ፣ ሲያድን ከውኃው በላይ የሚታየው ጥቂት ነው። ጥቁር የጀርባ ክንፍ ብቅ ይላል፣ ትንፋሹ እንደ ጉም ይበተናል፣ ከዚያ ለደቂቃዎች የሚታየው ባዶ ውኃ ነው። ሥራው የሚሠራው ከታች፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት፣ በድምፅ ነው። ስለዚህ ይህን እንስሳ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የጀልባ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የባሕሩን ድምፅ በቀጥታ የሚያሰማውን ድረ ገጽ፣ ኦርካሳውንድን፣ ይክፈት እንላለን።

አገልግሎቱ ቀላል ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሳሊሽ በሚባለው ባሕር ዳርቻ በተለያዩ ቦታዎች ሃይድሮፎን፣ ማለትም የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን፣ ተተክሏል። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚሰማውን ቀንና ሌሊት በኢንተርኔት ያስተላልፋል። ክፍያ የለውም፤ ለማዳመጥ መመዝገብም አያስፈልግም። ድረ ገጹን ከፍቶ ጣቢያ መርጦ መጫን ነው። ድምፁ ግን በትንንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ስለሚላክ ወደ አድማጩ የሚደርሰው ትንሽ ዘግይቶ ነው። ባሕሩ ዳር ቆሞ በስልኩ የሚያዳምጥ ሰው በዓይኑ የሚያየውና በጆሮው የሚሰማው ባይገጥምለት ምክንያቱ ይኸው ነው።

የስልክ ድምፅ ማጉያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመርከብን ወፍራም ጉርምርምታ ጨርሶ አያወጣውም፤ የኦርካን ስስ ጠቅታም ይውጠዋል። ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ ይሻላል። ባስ የሚጨምር ማስተካከያ ካለ መጥፋት አለበት፤ የሞተሩን ድምፅ አግንኖ ጥሪውን ይሸፍነዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጀመርም ያስፈልጋል። ጸጥ ባለ ጣቢያ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተቀመጠ ሰው፣ ጀልባ በሃይድሮፎኑ አጠገብ ሲያልፍ ጆሮውን ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኦርካዎቹ ሲመጡ ሦስት ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ጠቅታ፣ ጥሪና ፉጨት። ፉጨቱ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ እንስሶቹ ተቀራርበው ሲጫወቱ ይበዛል። ጥሪው ሻካራ ነው፤ በመሐል ድንገት ከወፍራም ወደ ቀጭን ይዘላል፤ ባሕሩ ጸጥ ሲል ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የአደኑ መሣሪያ ግን ጠቅታው ነው። ኦርካው ጠቅታውን ወደፊት ይልካል፤ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስለት ዓሣው የት እንዳለ ይለያል። እዚያ የሚታደነው ሳልሞን የተባለው ዓሣ ነው፤ ማሚቶውን በዋናነት የሚመልሰው በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ከጠቅታው ኃይል አብዛኛው የሰው ጆሮ ከሚደርስበት 20 ኪሎ ኸርዝ በላይ ስለሆነ እኛ የምንሰማው የታችኛውን ጠርዝ ብቻ ነው። ለዚህ አገልግሎት ግን ያ ጠርዝ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉን አንዴ የለየ አድማጭ አደኑን ደረጃ በደረጃ መከተል ይችላል። በመጀመሪያ ጠቅታው ዘርዘር ያለ ነው፤ ጣት ጠረጴዛ ላይ በቀስታ እንደሚያንኳኳ። ይህ ፍለጋ ነው። ከዚያ ይጠጋጋል፤ ዓሣው ተገኝቷል፣ ኦርካው ወደ ጥልቀቱ እየተከተለው ነው። በመጨረሻ ጠቅታዎቹ እርስ በርስ እስኪጣበቁ ይፈጥኑና አንድ ወጥ እዝዝታ ይሆናሉ። ይህ የመያዣዋ ቅጽበት ናት። በእንስሶቹ ገላ ላይ የተለጠፉ መቅረጫዎች ከእዝዝታው በኋላ ዓሣው በጥርስ ሲደቅ ሳይቀር ይቀዳሉ። ባሕር ዳር የተተከለ ሃይድሮፎን ያን ያህል አይቀርብም፤ ደቀቅታውን ሰማሁ የሚል አድማጭ ምናልባት ጠጠር ሲንከባለል ሰምቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ጠቅታው እየፈጠነ መጥቶ ድንገት ሲቋረጥ «አደኑ ከሸፈ» ብለው ይደመድማሉ። ጠቅታው እንደ ባትሪ መብራት ጠባብ ሆኖ ከግንባሩ ወደፊት የሚወጣ ነው። ኦርካው ፊቱን ከሃይድሮፎኑ ሲያዞር ድምፁ ይጠፋል፤ አደኑ ግን እንደቀጠለ ነው። ጥሪው ይህ ችግር የለበትም፤ በሁሉም አቅጣጫ ይሰማል። ስለዚህ መኖር አለመኖራቸውን በጥሪ፣ የሚሠሩትን ደግሞ በጠቅታ መለየት ጥሩ ልማድ ነው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ሀብት የዘዬ ልዩነት መስማት መቻሉ ነው። እዚያ የሚኖሩት ዓሣ በል ኦርካዎች «ደቡባዊ ነዋሪዎች» ይባላሉ፤ ከ80 አይበልጡም፤ በአሜሪካ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ ተመዝግበዋል። ጄ፣ ኬ እና ኤል የተባሉ ሦስት ቡድኖች ሲሆኑ ልጅ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከእናቱ አይለይም። ጥሪውንም የሚማረው ከእናቱና ከቤተሰቡ ነው። ተመራማሪዎች ለእያንዳንዱ ጥሪ ቁጥር ሰጥተውታል። ጄዎች ኤስ1ን፣ ኬዎች ኤስ16ን፣ ኤሎች ኤስ19ን ያዘወትራሉ። ኦርካሳውንድ ናሙናዎቹን ለመማሪያ አስቀምጧል፤ ከእነዚህ ሦስት ጀምሮ ሌላውን ለጊዜው መተው ነው የሚበጀው። ቀላሉ የኬዎቹ ነው፤ ብዙዎች ከድመት ግልገል ጩኸት ጋር ያመሳስሉታል። ከእነርሱ በስተሰሜን በካናዳ ውኃ የሚኖሩት ጎረቤቶቻቸው ያው ሳልሞን በል ናቸው፤ ግን አንድም የጋራ ጥሪ የላቸውም። የኦርካን ብልህነት በአንጎል መጠን ከመለካት ይልቅ ይህን ማዳመጥ የበለጠ ያስረዳል፤ ቋንቋቸው ከደማቸው ሳይሆን ከቤታቸው የወጣ ነው።

ጉድለቱም ከዚሁ ይጀምራል። በዚያው ባሕር ሁለተኛ ዓይነት ኦርካ አለ፤ በካናዳዊው ተመራማሪ ማይክል ቢግ ስም የቢግ ኦርካ ይባላል። ምግቡ አቆስጣ፣ የባሕር አንበሳና ትናንሽ ዶልፊን መሰል እንስሳት ናቸው። ሳልሞን የኦርካን ቀጭን ድምፅ እምብዛም አይሰማም፤ አቆስጣ ግን በደንብ ይሰማል፣ ሰምቶም ይሸሻል። ስለዚህ ቢጎች ሲያድኑ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ጠቅታቸውንም ይቆጥባሉ፤ በጸጥታ ሰምተው ይቀርባሉ። የሚጮኹት ከገደሉ በኋላ ነው። ሃይድሮፎኑ ሥር አቆስጣ እየታደነ አድማጩ ማዕበል ብቻ ሊሰማ ይችላል። ጸጥታን «ምንም የለም» ብሎ የሚተረጉም ሰው የአካባቢውን አዳኞች ግማሽ ያጣል፤ ይህን ክፍተት ደግሞ የትኛውም የድምፅ አገልግሎት አይሞላውም። ለቢጎች ከባሕር ዳር አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ማየት ይሻላል።

ሌላው ገደብ ቦታ ነው። በኖርዌይና በአይስላንድ ኦርካዎች ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ አሰባስበው በጅራታቸው መትተው ያደነዝዙታል። የአይስላንዶቹ ከምቱ በፊት 3 ሰከንድ ያህል የሚዘልቅ፣ ወፍራም፣ 700 ኸርዝ አካባቢ የሆነ ጥሪ ያሰማሉ። በአንታርክቲካ ተሰልፈው ማዕበል እየፈጠሩ አቆስጣን ከበረዶ ላይ ያጥባሉ። ይህ ሁሉ በኦርካሳውንድ አይገኝም፤ አገልግሎቱ የአንድ ባሕር ነው።

ስለ መርከብ ድምፅ ብዙ አድማጭ ያማርራል። ጣቢያዎቹ ትልልቅ የጭነት መርከቦች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ናቸውና ቅሬታው ሐቅ ነው፤ ግን ጉድለቱ የአገልግሎቱ አይደለም። ያን ጉርምርምታ ኦርካዎቹም እኩል ይሰሙታል፤ በውስጡም ማደን አለባቸው። በገላቸው ላይ በተለጠፉ መቅረጫዎች የተደረገ ጥናት ጀልባ በ400 ያርድ፣ ማለትም በ365 ሜትር ገደማ፣ ሲቀርባቸው ሴቶቹ አደናቸውን ትተው ወደ ሌላ ነገር እንደሚዞሩ አሳይቷል። ዋሽንግተን ግዛት ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀልባዎች ከእነዚህ ኦርካዎች 1,000 ያርድ እንዲርቁ ያዘዘው ለዚህ ነው። ከዚያ ርቀት ከጀልባ የሚታየው በጣም ጥቂት ነው። ኦርካሳውንድ አንዲትንም እናት ሳያስጨንቅ ከጀልባው የበለጠ ይሰጣል፤ የምንደግፈውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

አድማጭ አንድ ነገር ሲሰማ የሚያሳውቅበት ቁልፍ አለ። «ኦርካ ሰማሁ» ብቻ ብሎ መላክ ብዙም አይጠቅምም። «ሻካራ ጥሪ፣ ደከም ያለ፣ ሦስቴ ተደጋገመ፣ ጠቅታ አለው፣ መርከብ እየመጣ ነው» ማለት ይጠቅማል። ከመላክ በፊት መጠርጠር ያለባቸው ሦስት ናቸው። ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ በመኸር ይበዛል፤ ድምፁ በአብዛኛው ይወፍራል፣ የኦርካን ድንገተኛ ዝላይም የለውም። ወንድ አቆስጣ በመራቢያው ወቅት ውኃ ውስጥ ያገሳል፤ እንደ ረጅም ግሳት ነው። የብረት ሰንሰለት ሲጢጥ ሲል ደግሞ ኦርካን በጣም ይመስላል፤ ሁልጊዜ ያው በያው ሆኖ በእኩል ልዩነት ከተደጋገመ እንስሳ አይደለም። ኦርካሄሎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሌሊትም ይጠብቃል፤ እርሱ የለየውን ድምፅ ደግሞ ሰው አዳምጦ ያረጋግጣል። የሠለጠነው በደቡባዊ ነዋሪዎች ጥሪ ስለሆነ በቢጎች ላይ መተማመኛ አይሆንም።

ጣቢያ ምርጫ በወቅት ይለያያል። በአካባቢው በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገደማ)፣ ቺኑክ የተባለው ትልቁ ሳልሞን ወደ ፍሬዘር ወንዝ ሲያልፍ፣ በሳን ዋን ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ያለው ኦርካሳውንድ ላብ የተባለው ጣቢያ ይቀድማል። የቺኑክ ቁጥር ስለቀነሰ ግን እንደ ድሮው ቀን ቆጥሮ መጠበቅ አይቻልም። ከጥቅምት በኋላ ቡድኖቹ ቸም የተባለውን ሳልሞን ተከትለው ወደ ፒዩጀት ሳውንድ፣ ማለትም ወደ ባሕሩ ደቡባዊ ክንድ፣ ይወርዳሉ፤ ያኔ ፖርት ታውንሰንድና ቡሽ ፖይንት የተባሉት ጣቢያዎች ይሻላሉ። ቡሽ ፖይንት የውኃው ፍሰት ኃይለኛ ነው። የባሕሩ ሙላት ወይም ጉድለት ሲበረታ ሃይድሮፎኑ ላይ የሚያልፈው ውኃ ራሱ ይጮኻል፤ ስለዚህ የሙላትና የጉድለቱን ሰዓት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አይቶ ፍሰቱ በሚቆምበት ሰዓት መክፈት ነው።

በኢሜይል የሚመጣውን ማሳወቂያ መመዝገብ ይገባል፤ ያለ እርሱ ብዙው ሰዓት ባዶ ውኃ ማዳመጥ ነው። ማሳወቂያው ሲደርስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል፤ እያደኑ ከሆነ ተበታትነው ስለሚዋኙ የመጀመሪያው ጥሪ ካለፈ በኋላ የኋለኞቹ ገና እየመጡ ሊሆን ይችላል። በፖርት ታውንሰንድ ተሰምተው ወደ ደቡብ ካመሩ ቡሽ ፖይንት ለመድረስ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራቸዋል፤ በተለመደው ፍጥነታቸው ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ማዳመጫውን አውልቆ ቆይቶ በዚያ ሰዓት ቡሽ ፖይንትን መክፈት ነው።