ዘጠኝ ወር ከሚያፏጭ ፕሮፔለር ጋር

ይህን የጀልባ ፕሮፔለር ከገጠምኩት ዘጠኝ ወር ሞላው፤ ሞተሩ በዚህ ጊዜ ውስጥ 140 ሰዓት ገደማ ሠርቷል። ባለ ሦስት ክንፍ አሉሚኒየም ነው፤ ስፋቱ 9 ኢንች ከሩብ፣ ፒቹ ደግሞ 10። ፒች ማለት ውኃው እንደ እንጨት ቢጠጥርና ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ቢገባበት በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ነው፤ የእኔው 10 ኢንች ይሄዳል ማለት ነው፣ በወረቀት ላይ። ጀልባዋ አራት ሜትር ተኩል የሆነች የአሉሚኒየም ማጥመጃ ስትሆን የምትነዳው በ15 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ምት አውትቦርድ (ከጀልባ ኋላ ላይ የሚታሰር ሞተር) ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣው ፕሮፔለር ድንጋይ ነክቶ የአንዱ ክንፍ ጫፍ ስለተቆረሰ ነው ይህን የገዛሁት። የሠሪውን ስም አልጠራም። የማወራው ስለ አንድ ዕቃ ነው፣ ያውም እጄ ስለገባው።

ጩኸቱ የጀመረው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ከዳር ስንነሣ ምንም የለም። ነዳጅ ጨመር ሳደርግ፣ ዙር መቁጠሪያው በደቂቃ 2,600 ላይ ሲደርስ፣ ከጀልባዋ ወለል ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ። 3,000 ሲያልፍ ጠፋ። ቀነስ ሳደርገው ተመልሶ መጣ። አብሮኝ የሚያጠምደው ጓደኛዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ አዳመጠና፣ «በቃ፣ ጡሩምባ መግዛት ቀረልህ» አለኝ። ለእሱ ቀልድ ነበር። ለእኔ ግን ጭነት ይዘን ስንመለስ የምነዳበት ፍጥነት ልክ ያ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ፉጨት እየሰሙ መንዳት ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል።

ሻጩን ስጠይቀው «ሲለምድ ይተዋል» አለኝ። ከ20 ሰዓት በኋላም ያው ነበር። ብረት የሚለምደው ነገር የለም፤ የለመደው የእኔ ጆሮ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የታችኛውን የማርሽ ቤት ነው። ፉጨት ሲባል አእምሮዬ ላይ የሚመጣው ያለቀ ኩሽኔታ ስለሆነ፣ ድምፁም ደግሞ ከየት እንደሚመጣ በጆሮ ለመለየት ስለማይመች ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ይጠጋል፤ ያ ሁሉ መጥቶ የአሉሚኒየሙን ወለል ይመታዋል፣ ወለሉም እንደ ከበሮ ያስተጋባዋል። እግርህ ሥር የሚሰማህ ነገር ከሁለት ሜትር በኋላ ያለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዘይቱን አወጣሁት። የታችኛውን ብሎን ከዚያም የላይኛውን ፈትቼ በነጭ ሳህን ላይ አንጠባጠብኩት። ንጹሕ ነበር፤ ውኃ ቢገባበት ኖሮ እንደ ወተት ይነጣ ነበር። የብሎኑ ማግኔት ላይ እንደ ጥርስ ሳሙና የለሰለሰ ግራጫ ነገር ተለጥፏል፤ ያ የጤነኛ ማርሽ ብናኝ ነው። የሚያስፈራው በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር ስባሪ ነው፣ እሱም አልነበረም። ፍሪ ላይ አድርጌ ለአፍታ 2,800 ዙር ባስነሣውም ዝም አለ። ፍሪ ላይ ማርሾቹ ይዞራሉ፣ ፕሮፔለሩ ግን አይነዳም። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሸክም የሌለበት ማርሽ ቢያልቅም ዝም ሊል ይችላል። ጥርጣሬዬን ግን ወደ ኋላ ገፋው።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩን አወረድኩት። ፕሮፔለር ከመንካቴ በፊት የማጥፊያውን ገመድ ነቅዬ የካንዴላ ኬብሎቹን አወልቃለሁ፤ ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር በእጅ ሲዞር ሊነሣ ይችላል። ከሮንዴላው ኋላ ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ፦ አንድ ስንዝር ሙሉ የማጥመጃ ናይለን፣ በሻፍቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከሙቀቱ የተነሣ ቀልጦ እንደ ቀለበት ሆኗል። የፉጨቱ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ትንሽ ቢቆይ ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ ቆርጦ ውኃ ያስገባ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ናይለን በተበጠሰብኝ ቁጥር፣ ባይበጠስብኝም በየሁለት ወሩ፣ አወርደዋለሁ። የሻፍቱን ጥርሶች ጠርጌ ውኃ የማያጥበውን ግራሶ እቀባለሁ።

ሻፍቱ ታጥፎ እንደሆነም አየሁ። እርሳስ በማርሽ ቤቱ ላይ አስሬ ጫፉን ወደ ክንፉ አስጠጋሁና በእጄ አዞርኩት። ሦስቱም ክንፎች በእኩል ርቀት አለፉ። መቼም የታጠፈ ሻፍትና የተጣመመ ክንፍ አያፏጩም፤ ያንቀጠቅጣሉ፣ ያውም በሁሉም ፍጥነት፣ ዙሩ ሲጨምር እየባሰ። የእኔ ጩኸት በ400 ዙር መካከል ብቻ የሚኖር ነበር። ያንን ልብ ብለው ኖሮ ዘይት ለማፍሰስ አልቸኩልም ነበር።

ሁለት ሳምንት ከደከምኩ በኋላ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፦ አሮጌውን፣ ጫፉ የተቆረሰውን ፕሮፔለር መልሼ ገጠምኩት። ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፣ መሪው እጄን አደነዘዘው። በ2,600፣ በ2,800፣ በ3,000 ፉጨት የለም። ማርሹም ኩሽኔታውም ነፃ ወጡ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ጩኸት በትልልቅ መርከቦችም የታወቀ ነው፤ ፕሮፔለሩ «ዘፈነ» ይባላል። ውኃው ክንፉን ለቅቆ በሚወጣበት የኋላ ጠርዝ ላይ ትንንሽ አዙሪቶች አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ጎን ይላቀቃሉ። ፍጥነት ሲጨምር የመላቀቃቸው ምት ይፈጥናል። ምቱ ከክንፉ ተፈጥሯዊ ንዝረት ጋር ሲገጥም ክንፉ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ሲያልፈው ዝም ይላል። የኋላው ጠርዝ ወፍራምና ድቡልቡል ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የእኔን በጣቴ ስዳስሰው ልክ እንደዚያ ነበር፤ ከቅርጽ ማውጫው እንደወጣ፣ ቀለም ብቻ ተቀብቶ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ክብ። የአሮጌው ፕሮፔለር ጠርዝ ግን ጥግ አለው።

መፍትሔው ሞረድ ነው። ወደ ጀልባው በሚያየው የክንፉ ጎን፣ በኋላ ጠርዙ ላይ፣ ሰያፍ አድርጌ ሞረድኩትና ክቡን ወደ ስለታም ጥግ ቀየርኩት። ውኃውን የሚገፋውን ጎን አልነካሁም፤ እዚያ ላይ ጠርዙ ትንሽ የታጠፈች ናት፣ እሷ ከተበላች የሞተሩ ዙር ይቀየራል። የሞረዱ ጥርስ በአሉሚኒየም እንዳይደፈን ጠመኔ ቀባሁት። ሚዛኑ እንዳይዛባም ምቱን ቆጠርኩ፦ ለእያንዳንዱ ክንፍ 60፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያ ቀለም። ሁለተኛው ክንፍ ላይ ቁጥሩ ጠፍቶብኝ ከመጀመሪያው ጋር በዓይን አስተካከልኩት፤ እስካሁን የከፋ ንዝረት አላመጣም።

ውኃ ላይ ስንወጣ ጓደኛዬ ጆሮውን አዘጋጅቶ ተቀመጠ። 2,600፣ ምንም። 2,750 አካባቢ፣ ጆሮህን አቁመህ ካልሆነ በቀር የማይለይ፣ የትንኝ ያህል ነገር። ሌላ 20 ምት ጨመርኩለት። ጠፋ። ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው ብቻዬን 5,600፣ ጭነን ደግሞ 5,200 ዙር ያወጣል፤ ሞተሩ የሚፈልገው ከ5,000 እስከ 6,000 ስለሆነ ፒቹ ለጀልባዋ ልክ ነው። ከመሞረዱ በፊትም ያው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ግምገማ እጽፍለት ነበር። በሰባተኛው ወር ግን ሌላ ጉድ መጣ። ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ እየጮኸ ዙሩ ይነሣል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም፤ ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና ይመስላል። መጀመሪያ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ መሰለኝ። አየር መሳብ ግን በጠባብ መታጠፊያና በማዕበል ላይ ነው የሚከሰተው፤ ነዳጅ ሲቀነስም ወዲያው ይይዛል። ይኼኛው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ በጸጥታ ውኃ ነው። በውስጠኛው ቡሽ (ሻፍቱ በሚገባበት ቀለበት) እና በውጪው አካል ላይ አሻግሬ ያሰመርኩት የቀለም መስመር ነበረ፤ ዳር ደርሰን ሳየው ሁለት ጣት ያህል ተለያይቷል። መሐል ያለው ጎማ ተንሸራቷል ማለት ነው። ጎማው ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ማርሹን ለማዳን ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ እኔ ግን ምንም አልመታሁም። በዝቅተኛ ዙር ስለሚይዝ ቀስ እያልን ነው የተመለስነው። አዲስ ጎማ በፕሬስ አስገባሁበት፤ በመዶሻ የሚገባ ነገር አይደለም።

ክንፎቹ ራሳቸው ግን ጎበዝ ናቸው። በ140 ሰዓት ውስጥ አሸዋና ጠጠር ነክተዋል፣ የታጠፈ የለም። አንደኛው ውኃውን በሚቀድደው ጠርዝ ላይ የጥፍር ያህል ተቆርሷል፤ ከኋላው ቀለሙ በጣት ስፋት ተገፎ ባዶ ብረት ታየ። የተቆረሰችው ቦታ ውኃውን እያፈላች አረፋው እዚያ ላይ ስለሚፈነዳ ነው። የተቆረሰችውን ቦታ በሞረድ አለስልሼ ቀለም ቀባሁት፣ ከዚያ ወዲህ አልሰፋም።

ድጋሚ እገዛው ነበር? ክንፉን አዎ፣ የመሐሉን ጎማ አይደለም። ጠርዙን በእጁ ለመሞረድ ዝግጁ ያልሆነ ሰው ግን ሲገዛ ጣቱን የኋላ ጠርዙ ላይ ያሂድ፤ ክብ ከሆነ ሌላ ይመልከት። ጫፉ የተቆረሰው አሮጌው ፕሮፔለር አሁን በጀልባዋ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ከአንድ ዳዶ፣ ዳዶው እንዳይፈታ ከሚታጠፈው ስፒልና ከፒንሳ ጋር በአንድ ከረጢት። ጓደኛዬ ፉጨቱ እንደናፈቀው ይናገራል።