በደሴ ዙሪያ አለት ለመውጣት፦ ርካሹ ቀን፣ ውዱ ቀን ወይስ የራስ ገመድ?

ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ የሚያነሡብኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «አንድ ቀን በመሪ አለት ልንወጣ አስበናል፤ በነፍስ ወከፍ 1,200 ብር የሚጠይቁ የሰፈር ልጆች አሉ፣ ከአዲስ አበባ ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ከአምስት ሺህ ብር በላይ ያስወጣል፤ ለምን እንከፍለዋለን? ደግሞስ ገመዱን ራሳችን ብንገዛው አይሻልም ወይ?» ሦስቱንም በገዛ ገንዘቤ ስለሞከርኳቸው መልሴን ከመነሻው ልናገር፦ አራት ሆናችሁ ውዱን ቀን ውሰዱ።

በመጀመሪያ 1,200 ብር የተባለው ዋጋ 1,200 ብር ሆኖ አያልቅም። እኔ በሄድኩበት ቀን ለሄልሜትና ገመዱ ለሚታሰርበት የወገብ ቀበቶ ኪራይ 300 ብር፣ «ለገመድ» ተብሎ 250፣ ለባጃጅ 200፣ ለመሪዎቹ ምሳ ከየሰው 150 ብር ተጨምሮ ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ከኪሴ የወጣው 2,100 ብር ነበር። በውዱ ቀን ደግሞ መሪው ለራሱ 12,000 ብር ጠየቀን፤ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ዋዜማውን ገብቶ በማግስቱ የሚመለስ ነውና የሁለት ሌሊት መኝታው 2,400፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ 2,800 ብር ሆነ። ይህ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 4,300 ብር ይደርሳል፤ በዚያ ላይ የዕቃ ኪራይ 1,000 እና የባጃጅ 200 ብር ሲደመር 5,500 ብር ነው። ሁለት ብቻ ብንሆን ኖሮ እያንዳንዳችን 9,800 ብር፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ደግሞ 18,400 ብር ይከፍል ነበር። ስለዚህ አራት ሁኑ የምለው ለጨዋታ ድምቀት ሳይሆን ለሒሳቡ ነው፤ ከአራት በላይ ስትሆኑ ግን ቀኑ ተራ በመጠበቅ ያልቅባችኋል።

እንግዲህ በርካሹና በውዱ መካከል ያለው ልዩነት 3,400 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የሚገዛው ከሁሉ በፊት ገመዱን ነው። ኮምቦልቻ የጅቡቲ መኪኖች የሚያልፉባት ከተማ በመሆኗ ሸራና ጭነት ማሰሪያ ገመድ በየሱቁ ሞልቷል፤ ጠንካራም ነው፣ ርካሽም ነው፣ ለጭነትም የሚሆን ነው። ለሚወድቅ ሰው ግን አይሆንም። የአለት መውጫ ገመድ ከናይለን ተሠርቶ፣ ሰው ሲወድቅበት እየተለጠጠ የውድቀቱን ኃይል ቀስ በቀስ የሚያበርድ ነው፤ በደረጃ መመዘኛው መሠረት 80 ኪሎ ክብደት ተለቅቆበት ቢያንስ አምስት ከባድ ውድቀቶችን መቋቋም፣ በመጀመሪያው ውድቀት ላይ የሚያሳርፈው ኃይልም ከ12 ኪሎኒውተን፣ ማለትም ከ1,200 ኪሎ ክብደት ግድም መብለጥ የለበትም። የጭነት ገመድ ሥራው ጭነቱ እንዳይላላ አጥብቆ መያዝ ነውና መለጠጥ ጉድለቱ ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከአንድ ሱቅ «የተራራ ገመድ» ተብሎ አንዱ ሜትር በ45 ብር 40 ሜትር ገዛሁ፤ 1,800 ብር። ሰው ሳልሰቅልበት ልሞክረው ብዬ በግቢያችን ዛፍ ላይ አስሬ፣ በሌላው ጫፍ 50 ኪሎ አሸዋ የሞላ ጆንያ አንጠልጥዬ ከሁለት ሜትር ከፍታ ለቀቅሁት። ገመዱ አልተበጠሰም፤ የተቀደደው ጆንያው ነው። ሻጩ «አይበጠስም» ያለኝ እውነቱን ነበር፤ ነገር ግን በጆንያው ቦታ የሚታሰረው የሰው ወገብ ነው።

ከገመዱ ጋር የገዛኋቸው ስድስት ካራቢነሮች የባሱ ነበሩ። ካራቢነር የሚባለው ባለምላስ የብረት ማያያዣ ጎኑ ላይ የሚችለው ኃይል ተቀርጾ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎኒውተን በላይ ነው። የእኔዎቹም 22 የሚል ቁጥር ነበራቸው፣ ነገር ግን ቁጥሩ የተቀረጸ ሳይሆን የታተመ ስለነበር በጥፍሬ ስፍቀው ለቀቀ። ምላሱ ሲዘጋ ወደ ጎን ይወላገዳል፣ መቆለፊያው ጥርስ አይነክስም። አንዱን በ350 ብር፣ ስድስቱን በ2,100 ብር ገዝቼ ዛሬ አንዱ የግቢያችንን በር ይይዛል፣ የቀሩትን ሰው እንዳይጠቀምባቸው በመጋዝ ቆርጬ ጥያቸዋለሁ። በርካሹ ቀን ያየኋቸው ካራቢነሮች ከእነዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ። ሄልሜቶቹም የኮንስትራክሽን ነበሩ፤ የእነዚህ የአገጭ ማሰሪያ አንድ ነገር ሲይዘው እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ የአለት መውጫው ሄልሜት ግን ሰው ሲወድቅ ከራሱ ላይ እንዳይወልቅ የተሠራ ነው።

«ደብረ ዳሞ ላይ በጠፍር ይወጣ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። በደብረ ዳሞ ወጪው የሚጨብጠው ጠፍር አንድ ነው፤ ወገቡ ላይ የሚታሰረውን ሁለተኛውን ጠፍር ደግሞ አባቶች ከላይ ሆነው ሳያላሉ ይስባሉ፤ ስለዚህ ሰውየው ቢለቅም ገመዱ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከከፍታ አይወርድበትም። ያ ለዘመናት የተለመደ፣ ቦታውና ሳቢዎቹ የታወቁ ሥርዓት ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ገመድ ይዞ በደሴው ጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ለሚወጣ ጀማሪ ማስረጃ አይሆነውም።

የራስን ዕቃ መግዛት ለሚያስቡ ዋናው እንቅፋት ምንዛሪው ነው። ደህና 60 ሜትር ገመድ 200 ዶላር ያህል ያወጣል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 11,400 ብር ገደማ ነበር፣ ወዲያው በሳምንታት ውስጥ ከ20,000 ብር አለፈ። ጫማ፣ ቀበቶ፣ ሄልሜትና ሰው ሲወድቅ ገመዱን የሚይዘው መሣሪያ ሲጨመሩ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ በዚያ ገንዘብ ውዱን ቀን ደጋግማችሁ ትሄዳላችሁ። ከዚያ የጥገናው ነገር ይመጣል። ሶሉ ያለቀብኝን ጫማ ደሴ ጫማ ሰፊ ዘንድ በመኪና ጎማ አስለጠፍኩት፤ ልጁ በጥንቃቄ ሠርቶልኛል፣ ሆኖም የመኪና ጎማ ደረቅ ስለሆነ አለቱን አይዝም፣ ያንሸራትታል። የተተረተረ ቀበቶ ግን ጨርሶ አይሰፋም፤ በፋብሪካ የተመታውን ስፌት በእጅም በስፌት መኪናም መተካት ስለማይቻል መጣል ብቻ ነው። ገመዱንም ፒክአፕ ላይ ከባትሪ አጠገብ ጭናችሁ ከሄዳችሁ አሲዱ ናይለኑን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ። አምራቾች ጥቅም ላይ ባይውል እንኳ ገመድ ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይቆይ ያስጠነቅቃሉ፤ ስለዚህ «ብዙም አልተነካም» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ ገመድ በማንኛውም ዋጋ አትግዙ።

የ3,400 ብሩ ሁለተኛ ፋይዳ መሪው ገመዱን የት እንደሚያስር ማወቁ ነው። የእኛ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተነባበሩ ባዛልቶች ናቸው፤ ጠንካራ የሚመስለው ቋጥኝ በስንጥቅ የተከፋፈለ፣ አንዳንዴም በለስላሳ ቀይ ንጣፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ውዱን ቀን የመራን ሰው አንድም ገመድ ሳይዘረጋ አርባ ደቂቃ ያህል ድንጋዩን በመዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ሲያዳምጥ ቆየ፤ ሁለት ቦታ ትቶ ሦስተኛውን መረጠ፤ እዚያም በአንድ ነገር ብቻ ሳይሆን በሦስት የተለያዩ ቦታዎች አሰረ። ርካሹ ቀን ላይ የታሰረው በአንዲት ቁጥቋጦ ሥር ነበር። ከበልግ ወይም ከክረምት ዝናብ በኋላ ድንጋይ ስለሚናድ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደግሞ ደሴ ከእናንተ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለችና ከፍታውን እንድትለምዱ ዋዜማውን ደሴ ግቡ።

የሰፈራችን ልጆች ጦሳን በእግር ለመውጣት ወደር የላቸውም፤ መንገዱን፣ ጭጋጉ የሚወርድበትን ሰዓት፣ ውሃ የሚገኝበትን ሁሉ ያውቃሉና ለእግር ጉዞ 1,200 ብራቸውን ሳትከራከሩ ክፈሏቸው። ገመድ የሚያስፈልግበት ቦታ ለመውጣት ስታስቡ ግን ለመሪው አስቀድማችሁ ደውላችሁ ገመዱ በየትኛው ዓመት እንደተመረተ ጠይቁት፤ ዓመቱን ሳያመነታ የሚነግራችሁን ያዙ። ቀብድም ከሦስት አንድ እጅ በላይ አትስጡ፤ ዝናብ ቢጥል ቀኑ እንደሚዛወር ወይም ቀብዱ እንደሚመለስ በጽሑፍ አስፍሩ። እኔ በቃል ብቻ ተስማምቼ 1,500 ብር በጭጋግ ምክንያት ቀርቶብኛል።