150-600 ሌንስ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ አዳኝ ወፎችን በበረራ ላይ ማንሳት

ይህን ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚዘልቅ የዙም ሌንስ የገዛሁት ለ600ው ብዬ ነበር፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል፣ የሚያሳየው ስፋት ግን ይጠብባል። ንስርን የመሳሰሉ አዳኝ ወፎች በአብዛኛው ሰው አጠገብ ስለማይደርሱ፣ የሚያስፈልገኝ ርቀቱን የሚያሳጥርልኝ ትልቁ ቁጥር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዘጠኝ ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ ግን፣ በበረራ ላይ ካነሳኋቸው ጥሩ ምስሎች አብዛኞቹን ያስገኘልኝ 150ው ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ፉል ፍሬም ካሜራ (የምስል መቀበያው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ) 100 ሜትር ርቃ የምትበር ወፍ ላይ በ600 ሲነጣጠር የሚያሳየው የሰማይ ስፋት 6 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በ150 ግን 24 ሜትር ይሆናል። ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር የሚሞላን ንስር ደመና በሌለበት ሰማይ ላይ በ6 ሜትር መስኮት ፈልጎ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወፏን ሳገኛት አልፋ ትሄድ ነበር። አሁን በ150 አግኝቻት ፎከሱ ከያዛት በኋላ፣ ካሜራውን ከዓይኔ ሳላነሳ ዙሙን እያዞርኩ አቀርባታለሁ። የፎከስ ወሰኑንም (ሌንሱ ፎከስ የሚፈልግበትን ርቀት የሚገድበውን መቀያየሪያ) ከ10 ሜትር በላይ ባለው ላይ ስለማቆየው፣ ሌንሱ ቅርብ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አይንከራተትም።

ስለ ምስል ጥራቱ ግን ለሁለት ወራት ያህል ሌንሱን ያለ ጥፋቱ ወቅሼዋለሁ። ረፋድ ላይ የማነሳቸው ጥንብ አንሳዎች ላባቸው ተለይቶ የማይታይ፣ ውኃ ውስጥ ያሉ የሚመስሉ ሆኑብኝ፤ ለጥገና ባለሙያ ባሳየውም ምንም ጉድለት አልተገኘበትም። ጥፋቱ የአየሩ ነበር። ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያራግብ የሚንሳፈፈው መሬቱ ሞቆ ወደ ላይ በሚነሣው አየር ላይ ነው፤ ያው ሙቀት ደግሞ በእኔና በወፉ መካከል ያለውን አየር ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ወፎቹ በብዛት የሚወጡበት ሰዓትና ሌንሱ ጥርት አድርጎ የሚያይበት ሰዓት አይገጥሙም፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ውድ ሌንስ አይፈታውም። ጠዋት፣ መሬቱ ሳይሞቅ፣ አፐርቸሩን (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳውን) ከf/6.3 ወደ f/8 ጠበብ ሳደርገው በ600 የሚሰጠኝ ጥራት በቂዬ ነው። ሹተር ስፒዱን (ምስሉ የሚነሳበትን ፍጥነት) ከ1/2000 ሰከንድ በታች ስለማላወርድ አይ.ኤስ.ኦው (የካሜራው ብርሃን የመቀበል መጠን) ከፍ ይላል፤ ሰማዩ ብሩህ ሲሆን ደግሞ ብርሃኑን በአንድ ስቶፕ (ማለትም በእጥፍ) ካልጨመርኩ የክንፉ ሥር ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የምወደው የመነሻዋን ቅጽበት ነው። ወፍ የምትነሣው ወደ ነፋሱ ዞራ ስለሆነ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ እጠብቃለሁ። አንድ ጠዋት ደረቅ ግንድ ላይ የተቀመጠች ጭላት ኩሷን ጣለች፣ አንገቷን ሳብ አድርጋ ወደ ፊት አዘነበለች፤ ይህ የመነሻ ምልክት መሆኑን ስለማውቅ ዙሙን ወደ 400 መልሼ ቦታ ሰጠኋት። ክንፎቿ ሙሉ በሙሉ ተዘርግተው፣ ጥፍሮቿ ገና ከግንዱ ሳይላቀቁ ያገኘኋት በዚያ ምክንያት ነው። በ600 ብቆይ ኖሮ የክንፎቿ ጫፍ ይቆረጥ ነበር። ጎጆ አጠገብ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ አላደርግም፤ ወላጂቱ በእኔ ምክንያት ከእንቁላሏ ከተነሣች ምስሉ ቢቀርብኝ ይሻለኛል።

ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከሃያ ደቂቃ በላይ በእጅ ሲያዝ ትከሻ ያደክማል፤ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መደገፊያ) ሞክሬ፣ ወፏ ከአናቴ በላይ ስታልፍ እንቅፋት ስለሆነብኝ ተውኩት። ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ስሄድ ዙሙ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል፤ መቆለፊያውን መዝጋት ግድ ነው። እየወጣ የሚገባ ሌንስ አየር ስለሚስብም ውስጡ ጥቂት አቧራ ገብቷል፤ ምስል ላይ ግን እስካሁን አልታየኝም።

ያልቻለልኝ ፔሪግሪን የተባለውን ጭልፊት ነው። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ሲወረወር የዚህ ሌንስ ፎከስም የእኔ እጅም አይደርስበትም። ስለዚህ ቁልቁለቱን ትቼ፣ አድኖ ሲመለስ በዝግታ ክንፉን እየመታ ከፍታ የሚይዝበትን ጊዜ እጠብቃለሁ።