በቀይ ፖስታ የመጣ ፊልም እና በወርሃዊ ክፍያ የሚታይ ፊልም

ኔትፍሊክስ በአሜሪካ ለዓመታት ዲቪዲ በቀይ ፖስታ ያከራይ ነበር። ቀናት መጠበቅ ግድ ነበር፤ ምርጫው ግን እጅግ ሰፊ ነበር፤ በአገሪቱ ሕግ ዲስክ የገዛ ሁሉ የስቱዲዮውን ፈቃድ ሳይጠይቅ ማከራየት ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው የኢንተርኔት ስርጭት ጥበቃውን አስቀረ። ምቾቱን አልክድም። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊልም በውል ስለሚቀርብ ውሉ ሲያበቃ ይጠፋል። ስቱዲዮዎቹ የየራሳቸውን አገልግሎት ሲከፍቱ ደግሞ ተመልካቹ በአንድ ክፍያ ያገኝ የነበረውን ለማየት ሦስት አራት ቦታ መክፈል ጀመረ። ኔትፍሊክስም በ2022 ማስታወቂያ ያለበት ጥቅል አመጣ፤ በ2023 የይለፍ ቃል ለዘመድ ማካፈልን ገደበ። ከሁሉ ያስቆጣኝ የራሱ የፊልም ስርጭት ያለው አማዞን ነው፦ በ2024 አስቀድመው ለከፈሉ ደንበኞች ማስታወቂያ አስገባ፤ እሱን ለማስወገድም በአሜሪካ በወር ተጨማሪ 2.99 ዶላር ጠየቀ። የራስን ዕቃ አበላሽቶ ማስተካከያውን መሸጥ ስግብግብነት ነው፤ ሌላ ስም የለኝም።

ዛሬ ማታ የሚታይ ነገር ለሚፈልግ ስርጭቱ ይሻላል። የሚወደውን ፊልም ከአሥር ዓመት በኋላም ማየት ለሚሻ ግን ዲስኩን ገዝቶ ቤቱ ማስቀመጥ ነው፤ ቀይ ፖስታው እንደሆነ በመስከረም 2023 ተቋርጧል።