እናቴን ለካፕሱል ምርመራ ላዘጋጀችው ሲስተር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእርሱ ቀጥሎ የማመሰግናት በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ የጨጓራና የአንጀት ሕክምና ክፍል የምታገለግል ኢትዮጵያዊት ሲስተር ናት። እናቴ በእርሷ እጅ ያገኘችውን እንክብካቤ በአደባባይ ሳልናገር ብቀር ውለታ እንደ መብላት ስለምቆጥረው ይህን ጽፌያለሁ። ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ነው ያለችኝ። የለመነችኝን አከብራለሁ፤ የሠራችውን ግን መደበቅ አልችልም።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ከደሴ ወደ እኔ በመጣች በዓመቱ ደረጃ መውጣት እያቃታት፣ ፊቷ እየገረጣ፣ ጆሮዋ እየጮኸ ሄደ። ሲመረመር ደሟ ወርዷል፤ አይረን ታዘዘላት፤ ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። ደሙ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ከላይ በኢንዶስኮፒ ጨጓራዋን፣ ከታች ደግሞ በኮሎኖስኮፒ ትልቁን አንጀቷን አዩ፤ ምንም አልተገኘም። ሐኪሙ እንዳስረዳን በሁለቱ መካከል ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝም ትንሹ አንጀት አለ፤ አብዛኛውን ክፍሉን ከላይም ከታችም የሚገባው ቱቦ አይደርስበትም። ስለዚህ የካፕሱል ምርመራ አዘዘላት። ካፕሱሉ እንደ ትልቅ የቫይታሚን እንክብል ነው፤ ርዝመቱ 26 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 11 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን በውስጡ ካሜራና መብራት አለው። በውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ምግብ በሚሄድበት መንገድ እየወረደ ለስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ ፎቶ ያነሣል፤ በወገብ ላይ የታሰረው መቅረጫ ደግሞ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩትን ፎቶዎች ይቀበላል። ማደንዘዣ የለውም፤ የሚቆረጥ ነገር የለውም። ከባዱ ቅድመ ዝግጅቱ ነው፤ ይህን ግን ያወቅነው አንድ ጊዜ ከከሸፈብን በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረግነው ሌላ ቦታ ነበር። ቂም ለመወጣት ስላልተነሣሁ የቦታውን ስም አልጠራም፤ ይሁን እንጂ እዚያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በመስኮት በኩል አራት ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት አቀበሉን። አስተርጓሚ እንዲመደብልን ስንጠይቅ «ልጅሽ አለች አይደለም ወይ?» ተባለች። ልጇስ አለሁ፤ ነገር ግን የሕክምና ቋንቋ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ በዋዜማውም የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን በስልክ እያነበብኩ «ዛሬ ፈሳሽ ብቻ ነው የተፈቀደልሽ» አልኳት። እናቴ የታዘዘችውን አታጎድልም፤ እህል የሚባል ሳትቀምስ አጥሚቷን አቅጥና፣ ተልባዋን በጥብጣ ስትጠጣ ዋለች። ሁለቱም ፈሳሽ ናቸውና። «ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም አይወሰድም» ብዬ የነገርኳትም እኔው ነኝ። ወረቀቱ እኩለ ሌሊት ማለቱ ነበር፤ እናቴ ግን በአገራችን አቆጣጠር የንጋቱ 12 ሰዓት መስሏት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለጸሎት ስትነሣ አንድ ብርጭቆ ተልባ ጠጥታ ጠበቀችኝ። አይረኑን ማቆም እንዳለባት ደግሞ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ተጽፎ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ውጤት ተብሎ የተሰጠን «ምስሉ ጠቁሯል፤ አንጀቱ አልጸዳም፤ ታካሚዋ መመሪያውን አልተከተለችም» የሚል ነበር። ጠዋት ማታ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሴት «አልተከተለችም» ተባለች። እናቴ መኪና ውስጥ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች «አንቺን አስቸገርኩሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ኢንሹራንሱ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲከፍል ለማድረግ ከሦስት ወር በላይ ተንገላታን፤ ደሟም በዚያው መጠን እየወረደ ሄደ።

ወደዚህች እኅታችን ክፍል የደረስነው እንዲህ ተስፋ ቆርጠን ነው። ምርመራው ሊደረግ አሥር ቀን ሲቀረው ለዝግጅት ተብሎ ተጠራን። ወረቀት ትሰጠናለች ብለን ስንጠብቅ ወንበር ስባ እናቴ አጠገብ ተቀመጠችና «እማማ፣ ባለፈው ምን ምን እንደጠጡ ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ» አለቻት። እናቴ እየተሸማቀቀች ሁሉንም ነገረቻት። ሲስተር አልሳቀችም፣ አልገሠጸችም፤ እጇን ይዛ «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የነገርንዎት እኛ ነን ያላወቅንበት» አለቻት። ያጠፋው ሌላ ሆኖ ሳለ «እኛ» ብላ በራሷ ላይ ወሰደችው። እናቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀና አለች።

ከዚያም ተነሥታ በብርጭቆ ቀጭን ሻይ ይዛ መጣች። እናቴ ከእጇ የማትለያትን ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ «ይፍቀዱልኝ» ብላ ተቀበለቻትና ገልጣ ከብርጭቆው ጀርባ ያዘችላት።

«ፊደሉ ይነበባል?»

እናቴ መነጽሯን አስተካክላ፣ በሻዩ ውስጥ አሻግራ አንዱን መስመር ድምፅ አውጥታ አነበበች።

«እንግዲህ ፊደል የሚያስነብብ ሁሉ ይጠጣል፤ ፊደል የሚጋርድ ሁሉ አይጠጣም። ተልባ ያስነብባል?»

«አያስነብብም፣ ልጄ።»

«አጥሚትስ?»

«እርሱማ እንዴት ተደርጎ!»

«ከርከዴስ?» ብላ እናቴ ራሷ ጠየቀች። «ከርከዴ ያስነብባል፤ ነገር ግን ቀይ ስለሆነ በፎቶው ላይ ደም መስሎ ያሳስተናል፤ እርሱ ይቅርብዎት» አለቻት። እኔ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ስደናበርበት የከረምኩትን ነገር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጨረሰችው። በዋዜማው ቤት ስገባ እናቴ የተጠለለውን የአትክልት መረቅ በብርጭቆ ቀድታ ከመጽሐፏ ፊት ይዛ ስትመረምር አገኘኋት።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ሲስተር ይህንንም አልዘነጋችም። ከወረቀቱ ላይ የዶሮ መረቁን ሰርዛ በአትክልት መረቅ ተካችው፤ ጄሎ የሚባለውን ጣፋጭም «ይህ ከእንስሳ ነው የሚሠራው፤ ለእርስዎ አይሆንም» ብላ ሰረዘችው። እውነቱን ለመናገር ጄሎ ከምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም ነበር። አይረኑን ከሳምንት በፊት እንድታቆም ስትነግራትም ምክንያቱን አልሸሸገቻትም፦ «አይረን ሰገራን ያጠቁራል አይደል? ያ ጥቁረት የአንጀቱን ግድግዳ ይለብሰዋል፤ ካሜራው ደግሞ በመንገድ ላይ የሚወለውልለት ሰው የለውም።» የግፊት መድኃኒቷን በተመለከተ ግን ከራሷ አልተናገረችም፤ እዚያው ስልክ አንሥታ ሐኪሙን ጠይቃ ነው የመለሰችልን። ሰዓቱን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር በትልልቁ በአማርኛ ጻፈችላት፤ የአሜሪካውን ከጎኑ ለእኔ አኖረችልኝ። አንጀት የሚያጥበው መድኃኒት ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ውኃም የለም፤ ካፕሱሉ ጠዋት 2 ሰዓት ይዋጣል፤ 4 ሰዓት ላይ ውኃ፣ 6 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ምግብ ይፈቀዳል። ያች ወረቀት አሁንም ፍሪጃችን ላይ ተለጥፋለች።

እናቴን ያስጨነቃት ግን ረሀቡ አልነበረም፤ ጾም ለእርሷ የልጅነት ልማዷ ነው። የፈራችው ካሜራውን ነው። ባይወጣስ? እሳት ቢያስነሣስ? ሲስተር ቀድሞ ሆዷን ተቀድዳ እንደሆነ፣ ስትውጥ የሚያንቃት እንደሆነ፣ ልቧ ላይ የተተከለ መሣሪያ እንዳለ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። አልፎ አልፎ ጠባብ ቦታ ላይ ሊያዝ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረቻት፤ በአብዛኛው ሰው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰገራ ጋር ራሱ ይወጣል፤ ሆድ ቁርጠት ወይም ትውከት ከመጣ ወዲያው እንድንደውል፣ መውጣቱም እስኪረጋገጥ ድረስ ኤምአርአይ የሚባል ምርመራ እንዳይደረግላት አስጠነቀቀችን። በመጨረሻ እናቴ «ለመሆኑ ይህን ማን ፈለሰፈው?» አለች። «ጋቭሪኤል ኢዳን የሚባል የእስራኤል መሐንዲስ ነው፤ እዚህ አሜሪካ የተፈቀደው ደግሞ በፈረንጆቹ 2001 ነው፤ ስንቱ ሰው ውጦታል» ብላ መለሰችላት። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ዕድሜ ልኳን ስትመኝ ለኖረችው እናቴ ይህ በቂ ነበር። «ከቅድስት አገር ከመጣማ እውጠዋለሁ» አለች።

በምርመራው ቀን አማትባ በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጠችው። ሲስተር ለምሳ ስትወጣ እንኳ በእናቴ በኩል አልፋ መቅረጫው ላይ ያለችው መብራት መብረቋን አይታ ነው የሄደች። ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ ምስሉ ጥርት ብሎ መውጣቱን ነገረን፤ ትንሹ አንጀቷ ላይ ደም የሚያንጠባጥቡ ሁለት ትንንሽ ቦታዎች ተገኙ። የበሽታውን ስም ሁለት ጊዜ ነግረውኝ አልያዝኩትም፤ በሌላ ረጅም መሣሪያ ገብተው እንደዘጉት ግን አውቃለሁ። ይኸው አምስት ወር ሆናት፤ ደሟ አልወረደም፤ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እኔን ሳትደገፍ ትወጣለች።

ወላጆቻችሁን እዚህ የምታሳክሙ ወገኖቼ፣ አደራ የምላችሁ አለኝ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህ በፈረንጆቹ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመነጨ ነው፤ በ2010 የወጣው የጤና ሕግም አጽንቶታል። «ልጅሽ አለች» ሲሏችሁ እንደ እኔ እሺ ብላችሁ አትመለሱ። እናታችሁ በእርግጥ የምትጠጣውን፣ ተልባውንም አብሹንም በሶውንም በስሙ እየጠራችሁ ጠይቁላት፤ የምትውጠውን አይረን አሳዩላት፤ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፉላት።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ያላችሁ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ምርመራ ከታዘዘላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ይህች እኅታችን የምትሠራበትን ክፍል እነግራችኋለሁ፤ ይህን ያህሉን ፈቅዳልኛለች። ደግሜ እላለሁ፣ ወደ እርሷ ሂዱ። ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽው እናቴ ሰላምታዋን ልካልሻለች፤ የጋገረችልሽ ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ቅዳሜ ይዘን እንመጣለን።